ደብዛዛዋ ቀለም ቀቢ

ወንድሜን አልወደውም፤ ይህን ብደብቅ የምነግራችሁ ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። እሱ ብረት ይበይዳል፣ ሚስቱ የበየደውን ትቀባለች፤ እኔ ደግሞ ሲኮራረፉ "ለወንድምሽ ንገሪው"፣ "ለዚያች ሴትዮ ንገሪያት" እየተባልኩ እመላለሳለሁ። ወርክሾፑ አንድ ክፍል ነው። የቀለሙ ብናኝ እንዳያልፍ መሃሉ ላይ ሸራ ተጋርዷል።

የወንድሜ ሚስት ለበሩም ለመስኮቱም የምትመርጠው ደብዛዛ ቀለም ነው። "የሚያብለጨልጭ ነገር ይሰለቻል" ትላለች። ወንድሜም በዚህ ተነስቶ "ደብዛዛዋ" የሚል ስም አወጣላት፤ ሰፈሩም ተቀብሎ አጸደቀው። እሷ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ደብዛዛ የምትመርጥበትን ምክንያት ግን እኔ አውቀዋለሁ። ወንድሜ ችኩል ነው፤ የበየደውን መገጣጠሚያ በወጉ ሳይሞርድ ጉብታውን እንዳለ ይተወዋል። አንጸባራቂ ቀለም ብርሃን ሲያርፍበት ይህን ጉድ ያወጣል፣ ደብዛዛው ይሸፍናል። ሴትዮዋ ገመናውን ስትሸፍን ኖረች፤ ምስጋናዋ ቅጽል ስም ሆነ።

ከዚያ የክሊኒኩ ሥራ መጣ። የመጀመሪያው ፎቅ የደረጃ መደገፊያ ካማረ የቀሩት ፎቆችም የእኛ ናቸው፤ ካላማረ ወርክሾፑን መዝጋት ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ቀለም ሊመርጥ ሲመጣ እንደ ልማዷ ደብዛዛውን አሳየችው። ወንድሜ በሸራው በኩል ብቅ አለ።

"አይስሟት ጌታዬ! እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አንጸባራቂ መቀባት ስለማትችል ነው ደብዛዛ ደብዛዛ የምትለው።"

ፊቷ ደም መሰለ። "ይሁን፤ አንጸባራቂ ይሁን" አለች።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቀባችው፣ ተገጠመ። በደረጃው መስኮት የገባው ብርሃን መደገፊያው ላይ ሲያርፍ ጉብታው አንድ በአንድ ታየ። ባለቤቱ እጁን አሳለፈበትና "ይሄ ምንድን ነው? እከክ ነው?" አለ።

"እሷ ናት ያበላሸችው!" ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

"ቀለሙ ለስላሳ ነው። ጉብታው ከሥሩ ነው" አለች እሷ።

ባለቤቱ ካላስተካከላችሁ ሌላ ሰው እጠራለሁ ብሎ ሄደ። መደገፊያው ተነቅሎ ወርክሾፕ ተመለሰ። ወንድሜ ሸራውን ገልጦ ገባና "በደብዛዛ ድገሚበት" አላት።

የብርጭቆ ወረቀት ወረወረችለት። "አንጸባራቂ ላይ ሌላ ቀለም አይዝም፤ መጀመሪያ ፋቀው። ስትፍቅ ጉብታህንም ሞርድ። ከእንግዲህ የምሸፍንልህ የለኝም።"

እየተሳደበ ፋቀ፤ እየተሳደበ ሞረደ። እሷም መልሳ አንጸባራቂውን ቀባችው። ተገጥሞ ሲታይ ባለቤቱ "አሁን ሥራ ሠራችሁ!" አለ።

ወንድሜ ደረቱን ነፋ። "እኔ ድሮም አንጸባራቂ ይሻላል ስል ነበር። ይህቺ ደብዛዛ ናት አልሰማ ያለችው።"

ወርክሾፕ ስንመለስ እሷ የራሷን የቀለም መርጫ ኮምፕሬሰር ነቀለችና "እህቴ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ" አለችኝ።

"አንቺ የማን እህት ነሽ?" ብሎ አፈጠጠብኝ ወንድሜ። ያዝኩላት፤ ተሸክመን ወጣን።

አሁን ከመንገዱ ማዶ የራሷን ቤት ከፍታለች። የክሊኒኩን ቀሪ ፎቆች የምትቀባው እሷ ናት፤ ብየዳውን ሌላ ሰው ይዞታል። ወንድሜ ብቻውን ይሠራል። አንጸባራቂ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣበት "የሚያብለጨልጭ ነገር ይሰለቻል" ይልና በብሩሽ ደብዛዛ ይቀባለታል።