ወደ አመዱ የሚበሩ ንቦች

አባ ቀፎ የተከራዩት ክፍል ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ወደ ተራራው ያያል። ከዚያ በቀር ክፍሉ ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረውም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። በሩ እርጥበት ሲነካው ያብጥና አልዘጋም ይላል። ግድግዳው ላይ ሚስማር ቢመቱ ልስኑ አብሮ ይረግፋል። አከራይዋ ከገበያው ማዶ ሰፋ ያለ ክፍል እንዳላት ብትነግራቸውም፣ ከመስኮቱ ሳይርቁ ይኸኛው ይበቃኛል አሏት። ሰው አልጋ ማስቀመጫውን ለክቶ፣ ውሃ መኖሩን ጠይቆ ቤት ይከራያል፤ እሳቸው ተራራ አይተው ተከራዩ።

ቤታቸው እዚያ ተራራ ጎን ላይ ነበር። ቀፎዎቻቸው ከግቢው በላይ በተርታ ተደርድረው፣ ከቀፎዎቹም ከፍ ብሎ፣ አበባው ቢጫ ከሆነ ቁጥቋጦ ሥር፣ ባለቤታቸው ተቀብራለች። ካረፈች ዓመታት ቢሆናትም ጠዋት ጠዋት ቀፎ ሊያዩ ሲወጡ እሷንም አይተው ይመለሱ ነበር። በሕይወት ሳለች አንድ የንብ መንጋ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከጓሮው ዛፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ አገኙት። እሳቸው መሰላል ፍለጋ ሲሯሯጡ፣ እሷ ሻርፗን አውልቃ ከሥሩ ዘረጋችና ቅርንጫፉን አንዴ ነቅነቅ አድርጋ መንጋውን እንዳለ ተቀበለችው። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ “የኔ ጌታ መሰላል ይዞ እስኪመጣ ንቦቹ ማር ሠርተው ጨርሰው ነበር” እያለች ስታሾፍባቸው ኖረች። ያ መንጋ የገባበት ቀፎ የእሷ ተባለ።

ተራራው በፈነዳ ዕለት ቀኑ ሳይጋመስ ጨለመ። አመዱ መጀመሪያ እንደ ዱቄት፣ ኋላ እንደ አሸዋ ወረደ። የቀፎዎቹ አፍ ተደፈነ። ሊያመልጡ የወጡትም ንቦች ክንፋቸው ተፍቆ መሬት ለመሬት ይድሁ ነበር። ከዳስ ሥር ተቀምጦ የተረፈው የእሷ ቀፎ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሽና ድስት ይዞ መኪና ላይ ሲወጣ፣ አባ ቀፎ አፉ በጨርቅ የተወተፈ ቀፎ አቅፈው ወጡ። ቅጽል ስማቸውን ያን ጊዜ አገኙት።

የሙያው ወግ ግልጽ ነው። ቀፎ ከቦታው ሲነሣ ንቦቹ በርረው ከሚደርሱበት ውጭ መራቅ አለበት። አለዚያ ሠራተኛዋ ንብ ጠዋት ትወጣና የምታውቀውን መንገድ ይዛ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትሄዳለች። አዲሱን ቤቷን አታውቀውም። ይህን አባ ቀፎ ለስንቱ ጀማሪ መክረዋል። ያች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ግን ተራራው አፍንጫ ሥር ናት፤ በመኪና ዞሮ ዞሮ ነው የሚደረሰው እንጂ ለክንፍ ላለው ቅርብ ነው። ረሱት እንዳይባል ያውቁታል። ልባቸው ነው እንዳያስታውሱት የፈለገው።

ቀፎውን ግቢው ጥግ አስቀመጡ። ንቦቹ ጠዋት ይወጣሉ፤ ማታ የሚመለሱት ጥቂት ናቸው። አባ ቀፎ ብርዱ ነው አሉ። እውነትም ብርዱ ወቅቱን የጠበቀ አልነበረም። ከተራራው የወጣው የድኝ ጋዝ ከደመና በላይ ወጥቶ እንደ ስስ ሻሽ ሰማዩን እንደሸፈነውና የፀሐይን ሙቀት እየመለሰ ዓመቱን እንደሚያቀዘቅዘው በሬዲዮ ተነግሯል። ዛፎቹ የሚያብቡበት ወር ሳያብቡ አለፈ። አባ ቀፎ ስኳር በውሃ በጥብጠው ለንቦቹ ያቀርባሉ፤ ቀፎው አጠገብ ቁጭ ብለውም ያንጎራጉራሉ፦

ንቧማ በረረች አበባ ካለበት፣
እኔስ እንዴት ልብረር ልቤ ከቀረበት።

አከራይዋ ዘፈኑንም ስኳሩንም ታዝባ፣ ለእኔ ሻይ ያልተረፈውን ስኳር ዝንብ ሲጠጣው አየሁ ብላ ለሰፈሩ አወራች።

መንገድ የሚጠርጉ ሠራተኞች ወደ ላይ ሲወጡ አባ ቀፎ ለምነው አብረው ሄዱ። ግቢያቸው ግራጫ ሜዳ ሆኗል። የእሷ ቀፎ የነበረበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫፉ ብቻ ከአመዱ ብቅ ብሏል፤ በላዩ ላይም ንቦቻቸው ተከማችተዋል። አብዛኞቹ ሞተዋል። ጥቂቶቹ የሌለ ቀፎ አፍ እየፈለጉ ድንጋዩን ይዞሩታል። አንዲቱ እጃቸው ላይ ዐረፈች፤ ክንፏ ጫፍ ጫፉ ተሸራርፏል።

ከዚያ ወደ ቁጥቋጦው ወጡ። ቁጥቋጦ የለም። መቃብሯ እዚህ ይሆናል ባሉት ቦታ በእጃቸው ጫሩ፤ ትንሽ ወደ ግራ ሄደው እንደገና ጫሩ። አመዱ እየተንሸራተተ ጉድጓዱን መልሶ ይሞላዋል። የሠራተኞቹ ሾፌር መጥቶ ቀስ ብሎ አነሣቸው። አባቴ፣ ይኼ አመድ ዓመታት ሲያልፉ ዳቦ የመሰለ አፈር ነው የሚሆነው፣ ገና ምን አበባ ይወጣበታል አላቸው። ሊያጽናና ነው። እሳቸው የራሳቸውን ዕድሜ አሰቡ።

በዚያው ሰሞን ልጃቸው መጣች። ተራራው ከማይታይበት ሩቅ ከተማ ልብስ ሰፊ ናት። ቀፎውን ከፍታ አየች፤ ልጅነቷን ንብ መሀል ያሳለፈች ናትና ማንም ሊነግራት አላስፈለገም።

“አባዬ፣ ቅርብ ነው እኮ። ታውቃለህ።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን?”

“እናትሽን ማን ያያታል?”

ልጅቱ የቀፎውን ክዳን ቀስ አድርጋ ገጠመችና ከጎናቸው ተቀመጠች።

“እማዬ በእጇ የተቀበለቻቸው እነዚህን ነው፤ አመዱን አይደለም። እዚህ ከቆዩ አያልቁም?”

አባ ቀፎ መስኮቱን አዩ። ተራራው በመስታወቱ ውስጥ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ጥፋተኛ አይመስልም። እዚህ ቢቆዩ እሷ ካለችበት ጋር ይተያያሉ፣ ንቦቿ ግን አንድ በአንድ ያልቃሉ። ቢሄዱ ንቦቿ ይተርፋሉ፤ ተራራው ግን ከዓይናቸው ይጠፋል። በመጨረሻ የቀፎውን አፍ ለመወተፍ ጨርቅ እንድታመጣ ነገሯት።

አከራይዋ ስትሰናበታቸው ዓይኗ እንባ አቀረረ። የእጇ ዕቃ ግን አንድ ከረጢት ስኳር ነበር። “ለዝንቦቹ” አለች።

ልጅቱ የምትኖርበት ፎቅ ሰገነት ላይ አባ ቀፎ ጨርቁን ነቀሉ። ንቦቹ ወጡ፤ ግን በቀጥታ አልበረሩም። ወደ ቀፎው ፊታቸውን መልሰው፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ፣ ክቡን እያሰፉ፣ አዲሱን ቤታቸውን አጠኑት። አመሻሹ ላይ ከየአቅጣጫው ተመልሰው ገቡ። አባ ቀፎ ደስ አላቸው፤ ቀኑባቸውም። አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ አዲስ ቤት መልመድ ለሰው ቢሆን ብለው ተመኙ።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ሰማዩ እንደ ፍም ቀላ። የፎቁ ሰዎች ሰገነት ላይ ወጥተው እያደነቁ ስልካቸውን ይቀስራሉ። እንዲህ ያለ ምሽት በዚህ ከተማ ታይቶ አያውቅም ይባባላሉ። ልጅቱ ወንበር ይዛላቸው መጣች። ያ ከደመና በላይ የቀረው የተራራው ጋዝ ነው ፀሐይዋን የሚያቀላት፤ ነፋስ እዚህ ድረስ አምጥቶታል አለቻቸው።

“የኛ ተራራ?”

“የኛው።”

አባ ቀፎ ወንበሩን ወደ ቀላው ሰማይ አዞሩና ተቀመጡ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ወረዱ። ልጅቱ ብርዱን ፈርታ እንግባ ብትላቸው፣ “አንቺ ሂጂ፣” አሏት፣ “እኔ ትንሽ ልያት።”