ሽቅብና ቁልቁል በቆቦ የእንግሊዝኛ ክፍል

ቆቦ የደረስኩ ዕለት ዳይሬክተሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ ዳስተርና የአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ መጽሐፍ አስታቀፉኝ። «ማትሪክ ላይ በእንግሊዝኛ ጉድ እየሆንን ነው፤ እስቲ አንተ ከወደቅንበት አንሣን» አሉኝ። ከኮሌጅ ገና መውጣቴ ስለነበር አነሣለሁ ብዬ አመንኩ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ስለ ፈሊጥ ነበር፤ እንግሊዞች ኑሮ ሲሻሻልና ሲበላሽ ምን እንደሚሉ። ሰሌዳው ላይ ተራራ ሣልኩ። በሽቅቡ በኩል «ካም አፕ ኢን ዘ ዎርልድ» ብዬ ጻፍኩ፤ ላለፈለት ሰው የሚባል ነው። በቁልቁሉ በኩል «ጎ ዳውንሂል» አልኩ። «ቁልቁል ሄደ፤ ነገሩ እየተበላሸ መጣ ማለታቸው ነው።»

ከፊት ወንበር ዘሃራ እጇን አወጣች። የዋጃ ገበሬ ልጅ ናት፤ ቆቦ ዘመድ ቤት ተጠግታ ነው የምትማረው።

«ቲቸር፣ ቁልቁል መውረድ ምኑ ነው ክፉ?»

«እንዴት?»

«ጎርፉ ከደጋ ካልወረደ ማሳችን ምን ይጠጣል? እሱ ሲወርድ እኮ ነው የሚያልፍልን!»

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን «ፈተና ላይ እንዲህ ብትመልሺ ዜሮ ነው» አልኳት።

«ለፈተናው እንደ እንግሊዝ፣ ለማሳው እንደ ዋጃ እላለኋ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማትሪክ የምታልፈው እሷ ናት ብዬ ተስፋዬን ጣልኩባት። ከጓደኞቿ ጋር አስቀምጬ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች አሠራቸው ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገቡበት ዓመት ዝናቡ ቀረ። ከደጋም ጎርፍ የሚባል አልወረደም። ማሽላው በእንጭጩ ደረቀ። ስም ስጠራ «አቤት» የሚለው ድምፅ በየሳምንቱ እያነሰ ሄደ። ተማሪዎቼ እየተራቡ ነው ብዬ ለዳይሬክተሩ ብነግራቸው ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ረሃብ አይባልም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጊዜያዊ እጥረት በል። እኔንም አንተንም አታስበላን።»

አንድ ጠዋት ዘሃራ መጽሐፏን ልትመልስ መጣች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«የአባቴ በሬዎች አለቁ። ወደ ላይ ልንወጣ ነው ቲቸር፣ ኮረም። እህል ይሰጣሉ አሉ።»

«ፈተናው ደረሰ እኮ! ዘመዶችሽ ጋ ቆዪ፤ ቀለብሽን እኔ እችላለሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ። እናቴ መራመድ አቅቷታል። ታናናሾቼን ማን ያዝላቸዋል?»

በሩ ላይ ዞር አለች። «ሽቅብ መውጣት ጥሩ ነው ብለውን የለ?» አለችኝ። እያሾፈች ይሁን እያጽናናችኝ ዛሬም አላውቅም።

ማትሪክ በተሰጠ ዕለት ፈታኝ ነበርኩ። የዘሃራ ቁጥር ወንበሩ ላይ ተለጥፏል። የተቀመጠበት ሰው የለም።

አባቷን ከጊዜ በኋላ ዋጃ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ።

«ሁሉንም?» አልኳቸው።

«ሁሉንም፣ ልጄ። አላህ የወሰደውን ምን ይሏል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አስተማርኩ፤ የዲፓርትመንት ኃላፊም ሆንኩ። ጀማሪ መምህራን ከቆቦ ምን ተማሩ ብለው ይጠይቁኛል። የራበው ልጅ ፊት ቆሞ ፈሊጥ ማስተማር አይቻልም። እኔ ሞክሬዋለሁ።