የአባቴ ዓሣዎች በመሐል ሜዳ ብርድ

በቀደም ለሱቄ ዕቃ ልገዛ አንድ የጅምላ ነጋዴ መጋዘን ገብቼ፣ ዝናብ የመታው የጨው ጆንያ ሲፈታልኝ፣ ያ ሽታ ተነሥቶ አፍንጫዬን መታኝ፤ «ዕቃህ እርጥብ ነው» ብዬ መከራከር ሲገባኝ ጎንበስ ብዬ ጆንያውን አሸተትኩ። በልጅነቴ መሐል ሜዳ በምትባለው ደጋ ከተማችን ውስጥ ባሕር ባሕር የሚሸት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኛ ነበር።

አባቴ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሌሎቹ ሾፌሮች ቴምርና ምንጣፍ ጭነው ሲመለሱ፣ እሱ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የመስታወት ገንዳ አቅፎ ገባ። ውስጡ ከጣቴ የማይበልጡ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎች ነበሩ፤ አብሯቸውም የተከፈተ አበባ የሚመስል ነገር ነበር። አባቴ ግን አበባ ሳይሆን አፍና ሆድ ያለው እንስሳ እንደሆነ፣ ሌላውን ዓሣ እየነደፈ እንደሚበላ፣ እነዚህን ሁለቱን ግን አቅፎ እንደሚያኖር አስረዳን። እናቴ አዳምጣ ስታበቃ፣ «እንደ ዘመዶችህ ነዋ» አለችው። የነፍስ አባታችንም መጥተው ገንዳውን ዞረው ዞረው አዩና በጾም ይበላ እንደሆነ ጠየቁ፤ እንደማይበላ ሲነገራቸው፣ ታዲያ ምን ይሠራል በሚል ዓይን አባቴን አዩት።

ክረምቱን ሙሉ ጉሙ ደጃፋችን ድረስ እየመጣ ይተኛ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የውኃው ማሞቂያ ስለሚቆም፣ እናቴ እያጉረመረመች ገንዳውን በወፍራም የሱፍ ባና ስትጠቀልል፣ እኔ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ ዓሣዎቹ አጠገብ አንሳፍፍ ነበር። የባሕሩን ውኃ አባቴ በቢጫ ጀሪካን እየጫነ ያመጣል፤ በመሀሉ ሲጎድል ግን የሚተነው ውኃው እንጂ ጨዉ ስላልሆነ፣ በእናቴ የጥፍር ቀለም መስታወቱ ላይ እስካሰመረው ልክ ድረስ የዝናብ ውኃ ብቻ እንድጨምር አስተምሮኝ ነበር።

ገብሱ መታጨድ ሲጀምር አባቴ እንደገና ወደ ወደብ ተነሣ። ዐሥር ዓመቴ ነበር። ገንዳው ፊት አቁሞኝ፣ «እስክመለስ ካቆየሻቸው፣ ትምህርት ሲዘጋ ወስጄ ባሕሩን አሳይሻለሁ» አለኝ።

«ከሞቱስ?»

«ያው መሐል ሜዳን ታያለሽ።»

የመጀመሪያ ውሌ ይህ ነበር። በየማለዳው ከቁርስ በፊት ውኃውን በእጄ ዳብሼ፣ መስመሩን አይቼ፣ ምግባቸውን በትኜ እወጣ ነበር፤ ለክፍል ጓደኞቼም ባሕሩን አይቼ እንደተመለስኩ አድርጌ ማውራት ጀምሬ ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ማለዳ ሽማግሎች መርዶ ይዘው መጡ። መኪናው በረሃ ላይ ተገልብጦ ነበር። እናቴ ስትጮህ እኔ መስመሩን እያየሁ ነበር፤ ውኃው ጎድሎ ስለነበር መጀመሪያ እሱን ሞላሁ።

ያኔ በእኛ ሰፈር ለቅሶ ሲገባ ቤት ይራቆት ነበር፤ አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ወንበሩ ሁሉ ደጅ ይወጣና ወለሉ ላይ ጭድ ተነጥፎ ለቀስተኛ ይቀመጥበታል። ዕቃውን የሚያስወጣው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ገንዳው ጋ ሲደርስ ሊያነሣው ሞክሮ ከበደው፤ በጆግ እየቀዳ ግማሹን ባሕር ደጅ ደፋው።

«ብርድ አይወዱም» አልኩት።

«የኔ እናት፣ ዛሬ ማን ብርድ የሚወድ አለ?» አለና ማሞቂያውን ነቅሎ፣ ገንዳውን አጥር ሥር ከቁምሳጥኑ ጎን አስቀመጠው። ክፋት አልነበረበትም፤ ራሱም እያለቀሰ ነበር። ባናዎቹ ሁሉ ለለቀስተኛ ተነጥፈው ስለነበር የምሸፍንበት አጥቼ ወደ እናቴ ሄድኩ፤ ሰው ከቧት ስላየሁ ተመለስኩ።

በማግስቱ ግቢው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነጋ። ዓሣዎቹ በጎናቸው ተንሳፈው፣ ያ አበባ መሳዩም እንደ ታጠበ ጨጓራ ተኮማትሮ አገኘኋቸው። አንዲት ጎረቤታችን አይተው፣ «ጌታቸውን ተከተሉ፤ ዓሣ እንኳ ሐዘን ያውቃል» አሉ፤ ከሰዓት በኋላ አልቃሾቹ ይህንኑ ግጥም ውስጥ አስገቡት፣ እናቴም ያን ሰምታ ይበልጥ አለቀሰች። የገደላቸው ብርዱ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ወሬው ያማረ ነበር፣ ገዢውም ብዙ ነበርና አላስተባበልኩም። እንባ አልመጣልኝም። አክስቴ «ይህች ልጅ ደርቃ ቀረች» ስትል፣ እኔ ውሉን ያፈረሰው ማን እንደሆነ እያሰብኩ ነበር፤ እሱ አልተመለሰም፣ እኔም አላቆየሁም።

ዛሬ እዚያው መሐል ሜዳ ሱቅ አለኝ፤ ባሕር እስካሁን አላየሁም። አሁን ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳንና የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ ግቢው ውስጥ ይተክላል፤ የቤት ዕቃ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ እንኳ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል እንጂ አይወጣም። ጥሩ አሠራር ነው፣ ለሁሉም ይቀላል። ለቅሶ ደርሼ ስወጣ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አያለሁ፤ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው። አባቴ በዚህ ዘመን ሞቶ ቢሆን ኖሮ ዓሣዎቹ ይተርፉ ነበር።