በሕይወት ላሉ ሰዎች የተቀቀለ ንፍሮ

ይህ የሆነው ባለፈው ሚያዝያ ነው። እስከ ዛሬ ንፍሮ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። «ምን አስቆህ ነው?» ሲሉኝ ወሬ እቀይር ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ በሰላም ስላለቀና ባለጉዳይዋም ስለፈቀደችልኝ ልጻፈው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ አካባቢ ነው። በስልክ አፕ እየተጠራሁ በራሴ መኪና ተሳፋሪ አመላልሳለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት አሜሪካዊት ከቤቷ አሳፍሬ ዲሲ መሥሪያ ቤቷ አደረስኳት። መንገዱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ከወረቀት ላይ በለሆሳስ ታነበንባለች። ትንሽ ታነብና ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ትናፈጣለች። ያላየሁ መስዬ ሬዲዮውን ዘጋሁላት።

እሷን አውርጄ ምሳዬን ልበላ ስቆም የኋላ ወንበር ላይ አንድ ፎልደር አየሁ። ስምና ስልክ ካለበት ብዬ ከፈትኩት። በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ንግግር ነው። ወደ ጠፈር ሄደው የነበሩ አራት ሰዎች በስም ይጠራና፣ ወደ ምድር ሲመለሱ መንኮራኩራቸው አደጋ ደርሶበት የሁሉም ሕይወት ማለፉን ይናገራል። ዳር ላይ በብዕር «እዚህ ጋ ቆም፤ ትንፋሽ» የሚል አለበት።

አራቱን ሲሄዱ በቴሌቪዥን አይቻቸዋለሁ፤ መቼ እንደሚመለሱ ግን አልተከታተልኩም። ሬዲዮ ብከፍት ስለ ትራፊክ ያወራል። ስልኬን ባይ ምንም ወሬ የለም። ያን ጊዜ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ቤተሰብ ሳይረዳ ወሬው እንዳይወጣ ይዘውታል፣ ሴትዮዋም ከአራቱ የአንዱ ዘመድ ናት፣ ቀብር ላይ የምትናገረውን ነው ስታጠና የነበረው አልኩ። ፈረንጅም ለካ መርዶ ያውቃል ብዬ ገረመኝ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። የሹፌሮች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። እዚያ ትኩስ ወሬ ያመጣ ሰው ሳምንት ሙሉ ይነግሣል። ካሜራዬን ከፍቼ ወረቀቱ ላይ ደግኜ ነበር።

ከዚያ ወንድሜ ትዝ አለኝ። አገር ቤት ያረፈ ጊዜ የእድራችን ሰዎች በማግስቱ ማለዳ መጥተው ሊያረዱኝ ተመካክረው ነበር። እኔ ግን ቤንዚን እየቀዳሁ ፎቶውን ከሻማ ጋር ስልኬ ላይ አየሁት። የለጠፈው የማላውቀው ሰው ነው። ያንን ሰው ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጅቶብኛል፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልቻልኩም። ካሜራውን ዘጋሁት።

ብዙም ሳይቆይ ሴትዮዋ በአፑ በኩል ደወለች። «ፎልደሬን አገኘኸው? አንብበኸዋል?» መዋሸት አልችልበትም፤ አዎ አልኳት።

«እባክህ ለማንም እንዳታሳይ። ቤተሰቦቻቸው እንዳይሰሙ።»

«አይዞሽ፣ በእኔ ይሁንብሽ» አልኳት። ስብሰባ ልትገባ ስለነበር፣ ከሥራ ስትወጣ ቤቷ ላመጣላት ተስማማን።

ለባለቤቴ ለፀዳለ «አንዲት ደንበኛዬ ሰው ሞቶባታል፤ ዕቃዋን ላደርስላት ነው» አልኳት። ማን እንደሞተ አልነገርኳትም።

«ታዲያ ባዶ እጅህን ልቅሶ ቤት ልትገባ ነው?»

«ፈረንጅ እኮ ናት።»

«ፈረንጅ አያለቅስም ያለህ ማነው?» አለችና ስንዴና ሽምብራውን ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ጨመረችው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ እኔም ጥቁር ኮቴን አወጣሁ። ንፍሮውን ይዘን ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድን።

በሩ ሲከፈት ፀዳለ ሴትዮዋን ጥምጥም ብላባት «ወይኔ እህቴ» እያለች ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት በትከሻዋ በኩል እኔን ታያለች። የእኔ ዓይን ግን ሳሎኑ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ቀርቷል። አራቱ ሟቾች ከነስማቸው ይታያሉ። አንደኛው አየር ላይ ተንሳፍፎ የምታመልጠውን ማንኪያ እያሳደደ ይስቃል። ከሥሩ «በቀጥታ» ይላል።

ንፍሮውን ታቅፌ እንደቆምኩ «አልሞቱም እንዴ?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም» አለች። «የሚመለሱት ገና ከነገ ወዲያ ነው።»

አስገብታ አስቀመጠችንና አስረዳችን። ሥራዋ ለጠፈር መሥሪያ ቤቱ አለቆች ንግግር መጻፍ ነው። ሰው ወደ ጠፈር በሄደ ቁጥር ሁለት ወረቀት ታዘጋጃለች፤ አንዱ ለደስታው፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ክፉው ቀን ከመጣ በኋላ ተቀምጦ ቃል የሚመርጥ ልብ አይገኝም አለች። ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ስታለቅስ የነበረውስ? የዛፍ አበባ ብናኝ አለርጂ ነው፤ በየሚያዝያው እንደዚያ ያደርጋታል።

ፀዳለ እንባዋ ሳይደርቅ ተቆጣች። «በቁም ሰው ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? ይሄ ሟርት አይደለም?» አለችኝ። አለዝቤ ተረጎምኩት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ «እናቴም እንደዚያ ነው የምትለኝ» አለች።

ፀዳለ ይህን ስትሰማ ትንሽ በረድ አለች። «ለነገሩ አባቴም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከፈናቸውን ገዝተው ሳጥን ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረዋል» አለች። ይህን ምንም ሳልቀንስ ነገርኳት። ሴትዮዋ ወንበሩን ይዛ ሳቀች።

ቆይታ «ፎቶ አንስተኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱ ወጥቶ ቢሆን ከሥራዋ ትባረር ነበር፤ ከሁሉ የከፋው ግን የአራቱ እናቶችና ልጆች የሚወዷቸውን ሰዎች ሞት ስልካቸው ላይ ማንበባቸው ነው። አላነሣሁም ብዬ ስለ ወንድሜና ስለዚያ ቤንዚን ማደያ ነገርኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች። አሁን ያለቀሰችው በብናኙ አልነበረም።

ልንነሣ ስንል «አንብበኸዋልና፣ እንዴት ነው?» አለችኝ።

እኔ የንግግር አዋቂ አይደለሁም። ግን ብዙ ልቅሶ ቤት ደርሻለሁ። «ስለ አገርና ስለ ታሪክ ብዙ ይላል፤ እናቶቻቸውን ግን አንድም ቦታ አይጠራም። እኛ ጋ መጀመሪያ ለሐዘንተኛው ነው እግዜር ያጽናህ የሚባለው። ሌላው ወሬ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አልኳት። ብዕር አንሥታ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፈችው። በሌላኛው እጇ ንፍሮውን እየዘገነች ነበር። እውነቱን ለመናገር ጨው አንሶታል።

የመመለሻቸው ቀን ሥራ አልወጣሁም። ከፀዳለ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። መንኮራኩሯ በጃንጥላ ወርዳ ባሕሩ ላይ አረፈች። ፀዳለ ሲወጡ በጣቷ ቆጠረቻቸው። አራተኛው ብቅ ሲል እልልታዋን አቀለጠችው፤ የጎረቤታችን ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ በር አንኳኳ።

በሳምንቱ ሴትዮዋ የንፍሮውን ሳህን ልትመልስ መጣች። ባዶውን አልመለሰችውም፤ ራሷ የጋገረችውን ኬክ አድርጋበታለች።

«ወረቀቱስ?» አልኳት።

«በማሽን ተፈጨ» አለች።

የእኔም ዓረፍተ ነገር አብሮ ተፈጨ። ይህን ያህል ዓመት አሜሪካ ስኖር ትልቅ ሰው በሚያነበው ንግግር ውስጥ የገባልኝ ቃል እሱ ብቻ ነው። ማንም ሳይሰማው ቀረ፤ እኔም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።