ለእህቴ ድምፅ የተዋስኳት ፔዳል

እህቴ አንገቷ ላይ የወጣባትን እንቅርት በቀዶ ጥገና ካስወጣች በኋላ ቤተዘመዱ ሁሉ ተመስገን አለ። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ። ጠባሳውንም ቢሆን «ወርቅ የሚያስርልኝ ባጣ ሐኪም ክር አሰረልኝ» እያለች ትቀልድበታለች። ስትቀልድ ያልሰማኋት በድምጿ ብቻ ነው። ስታወራ ትንሽ ጎርነን ከማለቷ በስተቀር ምንም አይታወቅባትም። ስትዘፍን ግን፣ ዜማው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ ድምጿ ይሰነጠቅና አየር ብቻ ይቀራል። ሐኪሙ «ጊዜ ስጪው፣ ሊመለስ ይችላል» ብሏት ነበር። እኔም ይህችን «ሊመለስ ይችላል» የምትለዋን ነገር ይዤ ቁጭ አልኩ።

እኔ ጊታር እጫወታለሁ፣ እሷ ትዘፍናለች። ወይም ትዘፍን ነበር። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ትንሽ ጸጉር ቤት አላት። ሹሩባ እየሠራች ስለምታንጎራጉር ከአስኮ ድረስ ታክሲ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች ነበሯት። ለሹሩባው ነው እንዳልል፣ ሹሩባዋ እንኳ እንደነገሩ ነው፤ ይህን እንዳትነግሩብኝ አደራ። ሰርግ በሚበዛበት ወር ደግሞ ሁለታችን መልስና ቅልቅል እንሠራ ነበር፤ አንድ ጊታር፣ አንድ ማይክ፣ አንድ የድምፅ ማጉያ አምፕ። እሷ አምባሰል ስታወጣ ሙሽሮቹ ራሳቸው ጉርሻቸውን ይረሱ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ስፒከር ገዝታ ጸጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ሌላ ሰው ይዘፍንላት ጀመር። ማንም ምንም አላላትም፣ እኔም አላልኳትም።

እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። ከዚያ አክስታችን መጣች።

ልጇን ልትድር ነው። የጥሪ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አኑራ ገና ሳትቀመጥ «መልሱ ላይ ያንቺ ድምፅ ካልተሰማ እኔ ሰርግ አልደገስኩም» አለቻት።

«አክስቴ፣ ድምፄ እኮ እንደ ድሮው አይደለም።»

«ታዲያ እኔስ እንደ ድሮዬ ነኝ? ይኸው ደግሼ የለም እንዴ!»

አክስታችን እንዲህ ናት፤ ከሷ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላየሁም። እህቴ እየሳቀች በር ድረስ ሸኘቻትና ስትመለስ ሳቁ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ስማ» አለችኝ። «እሞክራለሁ። ግን ከመልሱ በፊት፣ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር መዝፈን ካቃተኝ፣ በቃ። ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ። ለማንም አልዘፍንም።»

እህቴን አውቃታለሁ፣ በቃ ካለች በቃ ነው። አንድ ጊዜ ስኳር በቃኝ ብላ ይኸው እስከ ዛሬ ሻይዋን መራራውን ትጠጣለች።

ለሙዚቀኛ መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ኪይ ማውረድ። ዘፋኟ መውጣት ካቃታት ሙዚቃው ይውረድላታ! ኪቦርድ ቢሆን አንዲት ነገር ተጭኖ መገላገል ነው። ጊታር ላይ ግን ጣጣ አለው፣ በተለይ እንደኔ ኖታ ሳያነብ በጣቱ ለተማረ ሰው። የኔ አጨዋወት ግማሹ ጣት የማያርፍበት ክፍት ክር ነው። ሌላ ቦታ ላይ ሄጄ ልጫወት ብል ክፍቶቹ ክሮች ሁሉ ከጨዋታ ይወጡና የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ ያህል እደናበራለሁ። ክሮቹን ራሳቸውን እንዳላላ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ከአንድ ባንድ ጋር በድሮው ቅኝት እሠራለሁ፤ ክር ሲላላና ሲወጠር፣ ሲላላና ሲወጠር ይበጠሳል። እንደዚያ ነው ያልኳት። ለራሴም ያልኩት እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ፔዳል ማፈላለግ ጀመርኩ። በእግር የምትረገጥ ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። ጊታሩ በአንድ ኬብል ይገባባታል፣ በሌላ ኬብል ወደ አምፑ ይወጣል። እሷ መሃል ቤት ሆና ኪዩን በፈለግከው ደረጃ ታወርደዋለች፣ ካሻህም ከፍ ታደርገዋለች። ጣቴ የለመደበት ቦታ ላይ ይሄዳል፣ አምፑ ግን በወረደው ኪይ ይጮኻል። በሰፈራችን እንዲህ ያለች ፔዳል ያለው ቸርች ውስጥ ጊታር የሚጫወት አንድ ጓደኛዬ ብቻ ነው። የነሱ ዘማሪዎች በየመዝሙሩ ኪይ ስለሚቀያይሩበት ያለሷ አይሆንለትም።

«ለዓለማዊ ነው አይደል?» አለኝ እየሳቀ።

«ለእህቴ ነው።»

ሳቁን አቆመ። ፔዳሏን ከነኃይል ማስገቢያዋ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝና «እሁድ ጠዋት ብቻ እንዳታጉላላኝ» አለ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ጸጉር ቤቱ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ልምምድ ጀመርን። ቤታችን ወላጆቻችን የተዉልን ግቢ ውስጥ ያለ ጠባብ ቤት ነው፤ ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ለአንድ የማታ ዘበኛ አከራይተነዋል። ጋሼ ሌሊቱን ሲጠብቁ አድረው ቀን ይተኛሉ። እሳቸውን ላለመቀስቀስ አምፑን በሩ አጠገብ አስቀምጬ ድምፁን ዝቅ፣ በጣም ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ፔዳሏን ሁለት ደረጃ አወረድኳት። እህቴ አጠገቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጀመርን።

አልሆነም!

አልሆነም ስል ከላይ ስትደርስ ተሰነጠቀ ማለቴ አይደለም፤ ያንንማ ጠብቄው ነበር። ገና ከመጀመሪያው ድምጿ የሚያርፍበት ጠፋው። ከጊታሩ ጋር ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ደግሞ ትገባለች። በሕይወቷ ከቅኝት ወጥታ የማታውቅ ሴት! እኔንም ጆሮዬን የሆነ ነገር ይበላኝ ጀመር። ክፍሉ ውስጥ አንድ የሚያስቀይም ድምፅ አለ፣ ግን ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ፔዳሏን ሦስት ላይ አደረግኳት፣ ባሰባት። አንድ ላይ መለስኳት፣ ያው ናት።

«አንተ ልጅ፣ በትክክል ነው የምትመታው?»

«እኔማ በትክክል ነው፣ አንቺ ነሽ እንጂ!» አልኳት። ምን አለ አፌን ብይዘው ኖሮ! ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ፔዳሏን ይዤ ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። «ፎርጅድ ናት ይቺ ነገር» አልኩት። እሱ ተቆጥቶ ቸርቻቸው አዳራሽ ድረስ ይዞኝ ገባና ሰው የሚያክለው ስፒከራቸው ላይ ሰክቶ ሞከራት። ጥርት ያለች፣ የምታምር። እንከን የለባትም። «እንግዲህ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው» አለኝ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ለእህቴ ፔዳሏ ደህና መሆኗን ስነግራት ምን እንደምትደመድም ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

ረቡዕ ዘፈኑ ገና ግማሹ ሳይደርስ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ጆሮዬም ሄዷል ማለት ነዋ» አለች።

ድምጿን ያጣች ጊዜ እንባ ያልወጣት ሴት ዓይኗ ሞላ። «ድምፁ ይሂድ፣ እሺ። በጆሮዬ እንኳ እጽናናለሁ ብዬ ነበር።» ነገ አንዴ ብቻ እንሞክር ብዬ ለመንኳት።

«አንዴ» አለች። «ከዚያ ለአክስቴ እደውላለሁ።»

ሐሙስ እንደገና ተቀመጥን። ሁለታችንም ፊታችን ለቅሶ ቤት የመጣን ይመስላል። መግቢያውን መትቼ ጨረስኩ፣ እሷ አፏን ልትከፍት ስትል ጎረቤት «ውሃ መጣች!» ብሎ ጮኸ።

በኛ ሰፈር ውሃ የምትመጣው በፈረቃ ነው፤ መጣች ከተባለ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ይቆያል። እህቴ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ሮጠች። ጀሪካኖቹን ስታንኳኳ፣ ደጅ ያለውን ቧንቧ ስትከፍት ይሰማኛል። መሸከሙ የኔ፣ መሙላቱ የሷ ነው፣ ስለዚህ ተራዬ እስኪደርስ ቁጭ ብዬ ጊታሬን መምታት ቀጠልኩ። ተስፋ ስለቆረጥኩ ነው፤ ሌላ ምን ልሥራ?

ትንሽ ቆይቶ ከውሃው ድምፅ ጋር ሌላ ድምፅ ሰማሁ። እያንጎራጎረች ነው። ጀሪካኑን እየሞላች፣ ሳታስበው፣ ዜማውን ይዛዋለች። ደግሞ ልክ ናት! ከአምፑ በሚወጣው ድምፅ ላይ ቁጭ ብላለች! እጄ ደንግጦ ሊቆም ነበር፤ ዝም ብለህ ምታ አንተ ሰውዬ አልኩት ራሴን።

ያኔ ነገሩ በራልኝ። ጆሮዬን ወደ ጊታሩ አስጠጋሁ። ክሮቹ ራሳቸው፣ ያለ አምፕ፣ ቀጭን ድምፅ አላቸው። እነሱ አልወረዱማ! ፔዳሏ የምታወርደው በኬብሉ የሚያልፈውን ብቻ ነው። በዚያ ጠባብ ክፍል፣ የአምፑ ጩኸት ዝቅ ብሎ ሳለ፣ እህቴ አጠገቤ ሆና ስትሰማ የከረመችው ሁለት ጊታር ነበር። አንዱ በአዲሱ ኪይ ይጠራታል፣ ሌላው በድሮው። ቸርች አዳራሹ ውስጥማ ያ ሁሉ ስፒከር ሲጮህ የክሩን ድምፅ ማን ይሰማዋል! እኔ በጣቴ ስለምሄድ ብዙም አልከበደኝም። እሷ ግን በጆሮዋ ነው የምትሄደው፣ ጆሮዋ ምንም ስለማያመልጠው ደግሞ ሁለቱንም ሰማች። ጋሼን ላለመቀስቀስ ብዬ እህቴን ላሳብዳት!

«እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። «እዚያው ሁኚ! እንዳትገቢ!»

«ምን ሆነሃል አንተ? ውሃዋ ልትሄድ ነው!»

«እዚያው ሆነሽ ዝፈኚ! ጆሮሽ ደህና ነው! በእናትሽ ዝፈኚ!»

«ሰው ይሰማል እኮ!»

«ይስማ!» አልኩና አምፑን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። ከመግቢያው ጀመርኩ።

ዘፈነች። መጀመሪያ እየፈራች፣ ከዚያ እየሞቃት። የድሮ ድምጿ አይደለም። ወፈር ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድንገት አቆመች። በመስኮት ሳይ ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቀሰቀስንዎት» አለች፣ ጀሪካን በእጇ እንደያዘች።

«እንቅልፍማ የት ይሄዳል» አሉ ጋሼ። «ይልቅ ምን ያስቆምሻል? ጨርሺው እንጂ!» ብለው በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡ።

ጨረሰችው። ከዳር እስከ ዳር። ጀሪካኑ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ይፈሳል፣ የዘጋው ሰው አልነበረም። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚሉ ሰዎች ያን ቀን እኔ ቤት ቢመጡ ያፍሩ ነበር።

እግሯ እንደረጠበ ገባች። እኔ ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ መቀመጥ አቅቶኛል። ክሮቹ ለምን እንዳሳሳቷት ነገርኳት፣ ራሴን ሰደብኩ፣ ፔዳሏን ሳምኳት።

«አየሽ? ለመልሱ አምፑን ከፍ ማድረግ ነው፣ አለቀ! እስኪመለስ ድረስ ይቺ ታኖረናለች» አልኳት።

«ምኑ እስኪመለስ?»

«ድምፅሽ ነዋ።»

እግሯን የምታደርቅበትን ፎጣ ይዛ አየችኝ።

«አንተ አሁንም እየጠበቅከው ነው እንዴ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። «እኔ እኮ ከተውኩት ቆየሁ። አይመለስም። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል።»

«መቼ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊትህን እያየሁ እንዴት ልንገርህ?»

እኔ ደግሞ እሷን ሳጽናና የከረምኩ መስሎኝ ነበር። ክር ይበጠሳል፣ ባንድ አለብኝ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ክሮቹን ያላላኋቸው ቀን የድሮዋን እህቴን በገዛ እጄ የሸኘኋት ሊመስለኝ ነው። እሱን ነበር የፈራሁት።

«ውጪ የዘፈነችው ሴትዮ አስጠላችህ?» አለችኝ።

«ኧረ! ምን ነካሽ!»

«እንግዲያው ለሷ ቃኝላት። ሙሽሮቹ ፊት ቆሜ ካንተ ክር የምሸሸው የት ድረስ ነው? ክሩን ራሱን አላላው፣ እዚያው ይቀመጥ። ካልተመላለሰ አይበጠስማ። ዓርብ ባንድህ ጋ ስትሄድ ያቺን ፔዳል ተውሰህ ወደ ላይ አድርጋት፤ ለነሱ ትሥራላቸው።»

ኬብሉን ነቀልኩ። አምፑን አጠፋሁት። እህቴ አጠገቤ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አፏን ገጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድ ድምፅ ብቻ ያዘች፤ የማያስጨንቃትን። የአንዱን ክር መወጠሪያ ቁልፍ ማላላት ጀመርኩ። ፔዳሏ ያወረደችው ጋ ስደርስ እጄን አቆምኩ።

«ውረድ» አለችኝ።

ወረድኩ። ክሩ ጣቴ ሥር ለስለስ አለ።

«ትንሽ።»

ትንሽ ጨመርኩለት። በሷ ድምፅና በክሩ መሃል የነበረው መንቀጥቀጥ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ጠፋ። የቱ የሷ የቱ የክሩ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

«እዚህ ጋ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እዚህ ነኝ።»

የቀሩትን አምስት ክሮች በዚያች ክር ቃኘኋቸው።