ለእመቤታችን የተሳለው የበረኛ ማሊያ

ኦፌሊና የቡድኑን አርማ፣ አረንጓዴዋን ኤሊ፣ ማሊያው ደረት ላይ ትሰፋለች። የክሩን ጫፍ በምላሷ ታረጥባለች፣ የኤሊዋን እግሮች በጥቃቅን ስፌት ትይዛለች፣ ሲያልቅ ክሩን በጥርሷ ትቆርጣለች። የከተማችን የፕላያ ሆንዳ ቡድን ማሊያ ሁሉ በእጇ ያለፈ ነው። ባሏ ኢላሪዮ በሕይወት ሳለ የሜዳውን መስመር በኖራ ያሰምር ነበር። ከሞተ ወዲህ እሁድን ቤት መዋል አልሆንላት አለ። ሜዳ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው መስመሩ ቀጥ ማለቱን ነው። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ስለ ኳስ ብዙም ባላውቅም አጠገቧ እቀመጥ ነበር።

ያ ዓመት ክፉ ነበር። ቡድኑ ገና ከመጀመሪያው ጨዋታ ሠንጠረዡ ግርጌ ተጣብቆ ቀረ። ከአንደኛ ዲቪዚዮን ከወረደ ሜዳው ይዘጋል ይባል ነበር፤ ኦፌሊናን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። ከሌላ ከተማ የሚመጡ ደጋፊዎች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው፣

"እማማ፣ ኤሊዋን ለሾርባ ጣዱልን" ይሏታል።

"የኤሊ ሥጋ ቶሎ አይበስልም፤ እንጨት ይዛችሁ ኑ" ትላቸዋለች፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ስለት ተሳለች። ቡድኑ ካልወረደ የበረኛውን ማሊያ አጥባና ተኩሳ፣ ዋና ከተማው ቴጉሲጋልፓ ድረስ ሄዳ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ላለችው ለሱያፓ እመቤታችን ልትሰጥ።

"በዚህ ጉልበትሽ?" አልኳት።

"ጉልበቴን እሷም ታውቀዋለች። በአውቶቡስ ብሄድ አትቀየመኝም።"

በመጨረሻው ጨዋታ አቻ መውጣት ይበቃን ነበር። ዝናቡ አላባራም። ሊያልቅ ሲል ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ በረኛችን ኤልቪን በግራ በኩል ተወርውሮ አወጣው። ሲነሳ ደረቱ ላይ ጭቃና የመስመሩ ኖራ ተለጥፎበት ነበር። አቻ ወጥተን ከመውረድ ተረፍን፤ ኤልቪንም ማሊያውን አውልቆ ሰጣት። ኦፌሊና ደጋግማ አጠበችው፤ ኖራው ግን ኤሊዋ ሥር እንደ ጥላ ሆኖ ቀረ። ወደ ቴጉሲጋልፓ ለሚሄደው አውቶቡስ ሾፌርም በሯ ላይ ቆሞ እንዲጠራት ነገረችው።

ሰኞ ጠዋት ልትሄድ፣ ቅዳሜ የቡድኑ ባለቤት አቶ ኦብዱሊዮ በፒክአፑ መጣ። ማሊያዎቹን በጆንያ አራገፈ።

"እትዬ ኦፌሊና፣ ኤሊዎቹን ፍቺልኝና ይሄን አርማ ስፊበት። እንዳንቺ የሚሰፋ የለም።"

ገልጣ አየችው። ፈረስ ነው።

"የማን ነው፣ ጋሼ?"

"የገዙን ሰዎች ነዋ። በሊጉ ያለንን ቦታ ለነሱ ሸጥኩት። ከእንግዲህ በኛ ቦታ እነሱ ይጫወታሉ፣ እዚያው በከተማቸው።"

"አልወረድንም እኮ።"

"አልወረድንም፣ ተመስገን" አለና ሳቀ። "ብንወርድማ ማን ይገዛኝ ነበር?"

በአገራችን ቦታ መሸጥ ያለ ነው። ሌላ ከተማ ሲደርስ እንሰማ ነበር እንጂ እኛ ላይ ይመጣል ብለን አናውቅም።

እሁድን ሙሉ ኤሊዎቹን ስትፈታ ዋለች። እያንዳንዷን አስተካክላ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደረደረቻት። ፈረሱንም በዚያው በጥቃቅን ስፌቷ ሰፋችው። አበላሽታ ብትሰፋው ደስ ባለኝ፤ እሷ ግን አበላሽቶ መስፋት አታውቅበትም።

"ስለቱስ?" አልኳት አመሻሹ ላይ።

"የለመንኳትን ሰጥታኛለች" አለች። መርፌዋን ጨርቅ ላይ ሰካች። "ምን ብዬ እንደማመሰግናት ነው የጠፋኝ።"

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ በሯ ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። ኦፌሊና ብቅ ብላ ለሾፌሩ እጇን አወዛወዘችለት፤ ሂድ ማለቷ ነው። የኤልቪን ማሊያ እንደተተኮሰ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አለ።