የማናሴ እናት መስኮት

ማናሴ ብረት በያጅ ነው። አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወንጂ በሚያወጣው መንገድ ዳር በርና መስኮት ሲሠራ ነው የኖረው። በሥራው ማንም አያማውም። የሚታማው በእናቱ ነው።

እናቱ ወይዘሮ አሰለፈች ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ዕድሜ ገፍቶባቸው መርሳት ጀምረዋል። ምሳቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ትንሽ ቆይተው መስኮቱን ወለል አድርገው ይከፍቱና ግማሽ ሰውነታቸውን አውጥተው መንገደኛውን ይጣራሉ።

«አንቺ ልጅ! ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም! ልጄ በረሃብ ሊገድለኝ ነው!»

ባጃጅ ይቆማል። ሙዝ ሻጯ ሙዝ ትወረውርላቸዋለች። ሥራ ሊያዝዝ የመጣ ደንበኛ ቀና ብሎ ያይና ማናሴን ከእግር እስከ ራሱ ይገረምመዋል። ምን ይበል? «በልታለች» ቢል ማን ያምነዋል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ!

አንድ ቀን ደሙ ፈላና ወጥቶ መስኮቱን በይዶ ዘጋው።

«ብትወድቂስ እማዬ? ለአንቺው ብዬ እኮ ነው» አላቸው። መውደቃቸውንስ ይፈራ ነበር፣ ውሸት አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የዘጋው አፋቸውን ነው። የአዳማን ሙቀት እያወቀ!

በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ ሑስና መጣች። ልጇ ድክ ድክ ማለት ጀምሮ መስኮት ላይ እየተንጠላጠለ አስቸግሯታል።

«ብዘጋው በሙቀት አለቅን፣ ብከፍተው ልጄ ሊወድቅብኝ ነው። ከአራት ጣት በላይ የማያስከፍት መቀርቀሪያ ሥራልኝ፣ ወንድሜ።»

«ይሄማ ምን ችግር አለው!» አለ ማናሴ። በአሮጌው መቀርቀሪያ ቦታ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ማገጃ ያለው አጭር ብረት አሳምሮ ሠራላት። ሲሠራ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ላይ ቀና አላለም። ወይም ቀና ብሎ እንዳላየ ሆኗል።

ሑስና መጥታ መቀርቀሪያዋን ከተቀበለች በኋላ «እማማን ሳልጠይቅማ አልሄድም» ብላ ደረጃውን ወጣች። «ተኝታለች» ቢላትም አልሰማችውም። ተከተላት።

ክፍሉ ምድጃ ሆኗል። እናቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። ሽበታቸው በላብ ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል።

«ሱብሃነላህ! እማማ፣ መስኮቱ ምን ሆኖ ነው?» ሑስና ብየዳውን በጣቷ ነካችውና ወደ ማናሴ ዞረች።

እናትየው ቀደሙት። «እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔው ነኝ። ንፋስ ወገቤን እየመታኝ ዝጋልኝ ብዬ ቁም ስቅሉን አሳየሁት። እሱማ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

ሑስና አመነች። ንፋስ ይመታል ሲባል የማያምን ማን አለ? በዚህ ሙቀት ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ስንት ቁጣ ነው የሚወርድበት!

ማናሴ ግን በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ምሳ መብላታቸውን የሚረሱት እናቱ የእሱን ገመና መሸፈን አልረሱም። ስንት ጊዜ ደንበኛ ፊት አፍሯል፤ እንዲህ ያለውን እፍረት ግን አያውቀውም። ዓይናቸውን ማየት አቃተው።

«እሷ አይደለችም» አለ ወለሉን እያየ። «እኔ ነኝ የዘጋሁባት። ሰው ስለሚሰማት አፍሬ ነው።»

ሑስና መቀርቀሪያዋን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «የእኔን ነገ ትሠራልኛለህ። እስከዚያ ልጄን እይዘዋለሁ» ብላ ወረደች።

ብየዳውን ቆርጦ መቀርቀሪያውን ገጠመ። መስኮቱ አራት ጣት ያህል ተከፍቶ ቀጥ አለ። ነፋሱ ሲገባ እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነው «እሰይ የእኔ ልጅ» አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው አፋቸውን ክፍተቱ ላይ አደረጉ።

«አንቺ ሙዝ ሻጭ! ዛሬም ምሳ ከለከለኝ እኮ!»

ሙዝ ሻጯ ቀና አለች። የማናሴ ጆሮ እንደ ወትሮው ጋለ። ቢሆንም ከእናቱ ጎን ጎንበስ ብሎ እሱም አፉን ክፍተቱ ላይ አደረገ።

«እውነቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «አሁን ላቀርብላት ነው!»

ሄዶም ምሳቸውን እንደገና አቀረበላቸው።